ትክክለኛውን መልስ የሰጠሁ ዕለት

በቅርቡ ትምህርቱን በውጭ አገር ጨርሶ የመጣ አንድ ወጣት ቤቴ ምሳ ተጋብዞ ነበር። ጥሩ ልጅ ነው፤ ጉድለቱ የሚያውቀውን ነገር ማወቁን አለመርሳቱ ብቻ ነው። ወጡ ሳይቀርብ ስለ ሰው አእምሮ ጀመረ። ሰው ዕድሜው ሲገፋ፣ አለ፣ ሒሳብ ሲሠራ የለመዳትን አንዲት ዘዴ ይዞ ሙጭጭ ይላል፤ ወጣቱ ግን ዘዴ እያማረጠ ለጥያቄው የሚስማማውን ይይዛል። ሽማግሌው ይዘገያል፣ ወጣቱ ይፈጥናል። ይህንንም ተመራማሪዎች ያወቁት ሰዎችን ቁጭ አድርገው ሒሳብ እየጠየቁ፣ ሰዓት እየያዙ ነው።

«የተጠየቁት ሰዎች መልሱን ለማን ነበር የሚሰጡት?» አልኩት።

«ለጠያቂው ነዋ ጋሼ፤ ለሌላ ለማን ይሰጣሉ?»

«አጠገባቸውስ ማን ቆሞ ነበር?»

ጥያቄዬ የእርጅና መስሎት በትሕትና ፈገግ አለ። አልፈረድኩበትም። በእሱ ዕድሜ እኔም እንደ እሱ ነበር የማስበው፤ እንዲያውም አንድ ጣልያን በሰው ፊት አረጋግጦልኛል። ለእንግዳዬ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ እናንተ ቢያንስ ወጥ አይቀዘቅዝባችሁም።

ጣልያን አገሩን በያዘባቸው ዓመታት ነው። እኔ ሃያዎቹን አጋምሼ ነበር። ኮልፌ ያን ጊዜ ባሕር ዛፍ፣ የገብስ ማሳና እዚህም እዚያም የተበተኑ ቤቶች እንጂ ዛሬ እንደምታዩት ሰውና ሰው የሚገፋፋባት ሰፈር አልነበረችም። ወደ አስኮ በሚያወጣው ወገን፣ ከወንዙ በላይ፣ ጣልያን ለሚሠራው መንገድ ድንጋይ የሚወጣበት ካባ ነበር። እዚያ ነበር የምሠራው። ከወረራው በፊት ጥቂት ዓመት ሚስዮን ቤት ተምሬ ስለነበር ፈረንሳይኛና የተሰባበረ ጣልያንኛ እችላለሁ። በዚህም የተነሣ ራሴን ከሠራተኛው ከፍ፣ ከካፖው ትንሽ ዝቅ ያልኩ ፍጡር አድርጌ እቆጥር ነበር። ካፖው የካባው አለቃ ነው፤ ጨጓራውን የሚያመው፣ ከአማርኛ ስድብና ቁጥር ብቻ ያጠና አጭር ጣልያን።

ሥራው እንዲህ ነው። ሦስት ቡድን ገደሉን በመሮና በመዶሻ ይበሳል። ጉድጓዶቹ ድማሚት ይጎርሳሉ፤ ገመዱ ይለኮሳል፤ ሰው ሁሉ ከጉብታው ጀርባ ሄዶ ይተኛል። ከዚያ ፍንዳታው ይቆጠራል። የተቀበረው ሁሉ ከፈነዳ ድንጋይ ተሸካሚዎቹ ሴቶች ይገባሉ። አንድ እንኳ ከከሸፈ ግን ማንም አይጠጋም፤ የከሸፈ ድማሚት መቼ ሐሳቡን እንደሚለውጥ አይታወቅምና። እኔ ከመቀጠሬ በፊት በተሳሳተ ቆጠራ ሁለት ሴቶች ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ ካፖው ሦስት ቆጣሪ አቆመ። ሦስቱ ከተስማሙ ይገባል፤ ካልተስማሙ ይጠበቃል።

አንዱ ቆጣሪ እኔ ነበርኩ። ሁለተኛው ኑሪ ነው፤ አርባን የተሻገረ፣ ገበያ ላይ እህል ሲሸጥ ኖሮ ሱቁ ጣልያን ሲገባ በነበረው ግርግር የተቃጠለበት፣ ሲስቅ ሆዱን በሁለት እጁ የሚይዝ ሰው። ሦስተኛው አባባ ሽብሩ ናቸው፤ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው በግንበኝነት ያረጁ፣ ደረታቸውን ቀንና ሌሊት የሚያስላቸው ሽማግሌ።

አቆጣጠራችን ለየቅል ነበር። አባባ ሽብሩ ድምር የሚባለውን ነገር አያውቁም፣ ወይም አይፈልጉም። ገመዱ ከመለኮሱ በፊት በየጉድጓዱ ይዞሩና ከእያንዳንዱ አፍ አንድ አንድ ጠጠር አንሥተው በጋቢያቸው ጫፍ ይቋጥራሉ። በፈነዳ ቁጥር አንዷን ይወረውራሉ። በጠቅላላው ስንት እንደነበረ ቢጠየቁ አይመልሱም፤ ስንት እንደቀረ ግን ቋጠሮውን ዳብሰው ይናገራሉ። ኑሪ እንደ ነጋዴ ነው። ሰባት፣ ዘጠኝ፣ ስምንት ጉድጓድ ከተባለ ከዘጠኙ አንድ አንሥቶ ለሰባቱ ይሰጥና ሦስት ጊዜ ስምንት ያደርገዋል፤ ፍንዳታውንም በስምንት በስምንት እየቆረጠ በጣቱ ይይዛል። እኔ እንደተማርኩት ቁጥሮቹን በሐሳቤ አንዱን ከአንዱ በታች ጽፌ እደምራለሁ፤ ከዚያ ከአንድ ጀምሬ እስከ መጨረሻው እቆጥራለሁ።

ጉብታው ሥር ተኝተን ስንጠብቅ በዚህ መበሻሸቅ ልማዳችን ነበር። አንድ ቀን አባባ ሽብሩን ጉድጓዱ መቶ ቢሆን ጠጠሩን የሚሸከምልዎ አህያ ያስፈልግዎታል አልኳቸው።

«አህያ ምን ያደርግልኛል» አሉ ሳይዞሩ፤ «አንተ አለህልኝ።»

ኑሪ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ወዲያው ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ ቁጥርን እንደ እስረኛ የማሰልፈው ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ካለው ላይ አንሥተህ ለጎደለው ስጥ፣ ወዲያው ያልቃል አለኝ። እኔም የእሱ አሠራር ለእህል እንጂ ለድማሚት እንደማይሆን መለስኩ። እንዲህ እየተባባልን ብዙ ወር ቆጠርን፤ በመልሱ ግን ተለያይተን አናውቅም ነበር።

አንድ ሐሙስ ጧት ካፖው ሦስታችንን ጠራ። ነገ ጎሕ ሲቀድ ካሚዮን ይመጣል፤ ወደ ምዕራብ ቆላ፣ አዲስ መንገድ ወደሚቀደድበት ሰፈር ሰው ይጭናል። ካባው እጅ ስለሚቀንስ ሦስት ቆጣሪ ማቆየት ቀርቷል፤ አንድ ይበቃል፤ ሁለቱ ከሚጫኑት ጋር ይሄዳሉ። ማን እንደሚቀር የዛሬው የከሰዓት ፍንዳታ ይለያል። ተለያይተን እንቆጥራለን፣ ስንት እንደከሸፈም ለየብቻ እንነግረዋለን። ያወቀ ይቀራል። ሁላችንም ካወቅን የፈጠነው ይቀራል።

ይህን ሁሉ ለሁለቱ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። የራሴን ዕጣ እየተረጎምኩ ስለነበር ያን ቀን ያህል ጥርት ያለ ትርጉም ተርጉሜ አላውቅም።

ወደዚያ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ጥቂት እንደሆነ ኮልፌ በሙሉ ያውቅ ነበር። ወባው ከሥራው ይበልጥ ይገድላል። የኑሪ ሚስት ከድጃ ከብዙ ዓመት መካንነት በኋላ ፀንሳ ወሯ ገብቶ ነበር። አባባ ሽብሩ በዚያ ደረታቸው ቆላ ከወረዱ እንደማይወጡ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ምኞታቸውም አንድ ብቻ ነበር፣ ሚስታቸው ባረፈችበት ደብር ማረፍ። የእኔ እናት ደግሞ ዓይኗ ከጠፋ ዓመት ሆኗታል፤ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። ስለዚህ ሦስታችንም በቂ ምክንያት ነበረን። በዚያ ዘመን ያልጎደለ ነገር ቢኖር ምክንያት ነው።

ምሳ ላይ ቆሎ ይዘን ተቀመጥን። ማንም አልቀለደም። አባባ ሽብሩ ኑሪን ከድጃ መቼ እንደምትወልድ ጠየቁት። ሴቶቹ ከዚህ ወር አያልፍም እንዳሏት ነገራቸው። ኑሪ በተራው ሳሉ ሌሊት ያስተኛዎታል ወይ አላቸው።

«ሳሉስ ይተኛል» አሉ፤ «እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ተማሪው፣ ለእናትህ ዛሬ ውሃ የቀዳላቸው ማን ነው?» አሉኝ።

ጎረቤት እንደሆነች ነገርኳቸውና ወደ ሐሳቤ ተመለስኩ። ሐሳቤ ምን እንደነበር ዛሬም አልረሳሁትም። ሁለቱ እንዲያ ሲጠያየቁ እኔ በልቤ ቁጥር እያሰለፍኩ እለማመድ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደመናው ከእንጦጦ በኩል ወረደ። ካፖው ዝናቡ ሳይደርስ እንዲያልቅ አጣደፈን። የቡድን አለቆቹ ቁጥራቸውን ጮኸው ተናገሩ፤ ሰባት፣ ዘጠኝ፣ ስምንት። አባባ ሽብሩ እንደ ልማዳቸው እያሳሉ በየጉድጓዱ ዞሩ። ከዚያ እያንዳንዳችን ተራርቀን ከየድንጋያችን ጀርባ ተኛን። ሁለቱን አላያቸውም፤ የአባባ ሽብሩን ሳል ብቻ በስተግራዬ እሰማ ነበር።

ጡሩንባ ተነፋ። ሃያ አራት፣ አልኩ በልቤ። የመጀመሪያው ፈነዳ፣ ሁለተኛው ተከተለ፤ ከዚያ ሦስት ተከታተሉ። መሬቱ ከደረቴ ሥር ይዘላል። አሥራ ሁለተኛውና አሥራ ሦስተኛው ሊገጣጠሙ ምንም አልቀራቸውም፤ ግን ሁለት እንደነበሩ ለየሁ። ከማዶው ተራራ የሚመለሰው ማስተጋባት ሌላ ፍንዳታ ይመስላል፤ እሱንም ጣልኩ። ሃያ አንድ። ሃያ ሁለት። ረጅም ዝምታ። ሃያ ሦስት። ከዚያ የጠጠር መንጠባጠብ ብቻ ሆነ። ጠበቅሁ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ ለመጥረግ እንኳ እጄን አላነሣሁም፤ እጄን ካነሣሁ ቁጥሩ የሚያመልጠኝ መስሎኝ ነበር። ሌላ ፍንዳታ አልመጣም። አንድ ከሽፏል።

ካፖው ከዕቃ ማስቀመጫው ቆርቆሮ ቤት ጥግ ቆሞ በዕድሜ ተራ ጠራን። መጀመሪያ አባባ ሽብሩ ሄዱ፤ ጀርባቸውን ነው የማየው፣ እጃቸውን ዘርግተው በጣታቸው አንድ ነገር አሳዩት፤ ወደ ማናችንም ሳያዩ ተመለሱ። ኑሪ ሮጥ ብሎ ሄዶ ሮጥ ብሎ መጣ። በመጨረሻ እኔ ቀረብኩ።

«ኡኖ» አልኩት፤ አንድ። አማርኛ ቁጥር እንደሚያውቅ እያወቅሁ በጣልያንኛ።

ካፖው መልሶቻችንን በሰው ፊት ተናገረ። ሽማግሌው ሁለት ከሽፏል ብለዋል። ነጋዴው ሦስት ብሏል። ተማሪው አንድ። ከዚያ በደንቡ መሠረት ተጠበቀ። ዝናቡ መጥቶ እስኪያባራ ድረስ ሴቶቹ በዛፉ ሥር ተኮራምተው ቆዩ። በመጨረሻ ድማሚት ለኳሹ ብቻውን ወረደና ገደሉን ቀስ ብሎ ፈትሾ ሲመለስ ከሩቅ አንድ ጣቱን ቀሰረ።

«ብራቮ» አለ ካፖው ትከሻዬን መትቶ። ቀጥሎም ንግግር አደረገ። የሽማግሌ ራስ የተሰነጠቀ እንስራ ነው፣ የነጋዴ ራስ በውሸት የተሞላ ነው፣ የተማረ ወጣት ራስ ግን ማሽን ነው አለ፤ ይህንንም ለሁለቱ እንድተረጉምላቸው አዘዘኝ። ትንሽ ለዘብ አድርጌ ተረጎምኩት። ለዘብ ማድረጌንም እንደ ደግነት ቆጠርኩት።

ሁለቱ ምንም አልመሰላቸውም። አባባ ሽብሩ እናትህን አደራ ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ኑሪ ከድጃን አልፎ አልፎ እያት አለኝ። በማግስቱ ካሚዮኑ ሲነሣ ከድጃ ሆዷን ደግፋ ቆማ ነበር። አባባ ሽብሩን ሁለት ሰዎች አንሥተው ሲጭኗቸው አየሁ፤ ጋቢያቸውን እስከ ራሳቸው ተከናንበው ኑሪ አጠገብ ተቀመጡ። አለቀስኩ። ልቅሶዬ እውነተኛ ነበር፤ ግን በልቅሶው ውስጥ አንድ የሚያጽናና ሐሳብ ነበረኝ፤ ነገሩ በፍትሕ ነው የሆነው። ሽማግሌው ጆሯቸው ከብዶ ተገጣጥሞ የፈነዳውን እንደ አንድ ሰሙት። ኑሪ በስምንት በስምንት ሲቆርጥ አንዱ ቦታ ተምታታበት። እኔ ዘዴዬ ትክክል ስለነበር ቀረሁ። ይህን ማብራሪያ ለብዙ ሰው ተርኬዋለሁ፤ በሰፈሩም ስሜ በጣም ተነሣ።

ከድጃ ሴት ልጅ ወለደች። እንደ ቃሌ እየሄድኩ እጠይቃት ነበር። እናቴ በዚያው ዓመት መጨረሻ ዐረፈች። ጣልያን ከአገር ሲወጣ እኔ በካባው ሒሳብ አዋቂነቴ ተመስክሮልኝ መሥሪያ ቤት ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ የበላሁት እንጀራ ሁሉ የመጣው ከዚያች አንዲት «ኡኖ» ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ኑሪ ተመለሰ። አንድ ከሰዓት ከድጃ ቤት ስደርስ በር ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ፊቱ እንደ ሰም ቢጫ ሆኗል፤ ልጁ የማታውቀው ሰው ሆኖባት እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተደብቃለች። አባባ ሽብሩ የመጀመሪያውን ክረምት ሳይጨርሱ በወባ ሞተዋል። ኑሪ ራሱ ነው መንገድ ዳር፣ አንድ የሾላ ዛፍ ሥር የቀበራቸው። የክርስቲያን ጸሎት ስለማያውቅ ሲጸልዩ የሰማውን ጥቂት ቃል አለላቸው።

እኔ ላጽናናው ፈለግሁ። የዚያን ቀን ሁለቱ ፍንዳታዎች ባይገጣጠሙ ኖሮ አባባ አይሳሳቱም ነበር አልኩት።

ኑሪ ቀና ብሎ አየኝ። «አንተ፣ እስከ ዛሬ ተሳስተዋል ብለህ ነው የምታስበው?»

ከዚያ ነገረኝ። እሱ ሃያ ሦስት ነው የሰማው፤ አንድ እንደከሸፈ አላጣውም። ነገር ግን ሁሉም ካወቁ የፈጠነው ይቀራል ስለተባለ፣ አባባ ሽብሩ ሊቀሩ የሚችሉት ሌሎቻችን ከተሳሳትን ብቻ ነው። እሱም በበኩሉ ሊሳሳትላቸው ቆረጠ፤ የእኔን ለእኔ ተወው። ካሚዮኑ ላይ ከተማውን እንደለቀቁ አባባ ሽብሩ ጋቢያቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው፣ ለአንተ ብዬ ነበር እኮ ሁለት ያልኩት፣ አንተ ግን ምን ነካህ አሉት። እኔስ ለእርስዎ ብዬ አይደል አላቸው። ሁለቱ ተያዩና መሳቅ ጀመሩ። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ኑሪም ጥበቃው በሰደፍ እስኪመታው ሳቀ።

እኔ የጠየቅሁት ለምን ሦስት እንዳለ ነው፤ ሁለት ቢል ይበቃው ነበር።

«በሁለት መሳሳት ያጋጥማል» አለኝ። «ጣልያኑ ዳግም ይፈትነኝ ይሆናል ብዬ ሠጋሁ። ሦስት የሚል ሰው ግን የማይረባ ነው።»

«ምንም አልከሸፈም ማለትስ አይቀልም ነበር?»

እንደ ሕፃን አየኝ። «እናንተም እንዲያ ብትሉ ሴቶቹ ይገቡ ነበራ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከፊቴ ተቀምጦ ያላየሁት ነገር። በእውነት የሚሳሳት ሰው ወደ ላይም ወደ ታችም ይሳሳታል። ሁለቱ ሰዎች ተለያይተው፣ ሳይነጋገሩ፣ ማንንም ወደማይገድለው ወገን ብቻ ነው የተሳሳቱት። ከኔ ዘዴ ይልቅ ያንን ቁጥር ለማግኘት ብዙ ማሰብ ያስፈልግ ነበር። ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ካወቁ በኋላ ከእውነቱ በስንት መራቅ እንዳለባቸው መመዘን ነበረባቸው።

እኔን በተመለከተስ ምን ተባባላችሁ አልኩት። ባልጠይቀው ይሻለኝ ነበር። አባባ ሽብሩ ስለኔ ጠይቀውት እንደነበር ነገረኝ፤ ልጁም እንደኛ ሊሳሳት ሞክሮ ይሆን ብለው። የለም፣ የሰማውን ነው ያለው አላቸው። «እሱማ መቼ መሳሳት ያውቅበታል» አሉ። በክፋት አልነበረም አለኝ ኑሪ፤ እንዲያውም ቢያንስ የዓይነ ስውሯ ልጅ ቀረላት ብለው ደስ ብሏቸው ነበር። በሕይወቴ ስለ እኔ የተነገረ ከዚህ የበለጠ እውነት አላውቅም።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ፣ ትምህርትን ላጣጥል የመጣሁ እንዳይመስላችሁ። ጠጠር ከድምር ይበልጣል ብዬ አልከራከርም፤ ያን ቀን ሦስቱም ዘዴ እኩል አንድ ብሏል። ሽማግሌዎች ሁሉ ጥበበኞች ናቸው የሚለውንም ተረት አልወደውም፤ ብዙ ጅል ሽማግሌ አውቃለሁ፣ በቅርቡም እጨመርባቸዋለሁ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ካፖው ያን ዕለት ሦስት ሰው ፈትኖ ስለ ዕድሜና ስለ አእምሮ አንድ ድምዳሜ ላይ ደረሰ፤ ድምዳሜውንም በአማርኛ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ኑሪ እስኪመለስ ድረስ አምኜበት ኖርኩ። ያልገባን ነገር ቢኖር ፈተናውን የተፈተነ ሰው አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ደጃፍ ላይ እንደተገናኙ ጨዋ ሰዎች፣ ይቅደሙ፣ ኧረ አንተ ቅደም፣ ሲባባሉ እኔ በመካከላቸው አልፌ ገባሁ። በዚያ ላይ ገብቼ በፍጥነቴ ተመሰገንኩ።

ኑሪ ልጁን እስኪድር ኖረ። ስንገናኝ ስለዚያ ቀን ዳግመኛ አላነሣልኝም። እኔ ግን ያን ከሰዓት ደጋግሜ እሠራዋለሁ። አራት ከሽፏል ብዬ ቢሆን ኖሮ ለእውነቱ የሚቀርበው የአባባ ሽብሩ ሁለት ነው፤ ካፖው ምናልባት እሳቸውን ያስቀር ነበር። እኔ ቆላ እወርዳለሁ፤ ወጣት ነበርኩ፣ ልመለስ እችላለሁ። እሳቸው ጥቂት ዓመት አስለው ሚስታቸው አጠገብ ያርፋሉ። እስከዚህ ድረስ ስሌቱ ቀላል ነው። ከዚያ እናቴ ትመጣለች፤ እጄን ይዛ፣ ስሜን እየጠራች ነው የሞተችው። እሷን ከየትኛው ወገን እንደምደምራት አላውቅም። ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ስደርስ እተወዋለሁ።